ለፈታኝ ስንት ይሰጣል? ስለ ፈተናና ጉርሻ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሰኔ ላይ ነው። ሐዋሳ ላይ ከአቶቴ ወደ ፒያሳ ባጃጅ ይዤ ስሄድ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀመጡ። መምህር መሆኔን ከያዝኩት የፈተና ወረቀት ገመቱ መሰለኝ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ለፈታኝ ስንት ነው የሚሰጠው?» አሉኝ።

አጠያየቃቸው ጉቦ የሚያስብ ሰው አጠያየቅ አልነበረም። ለቅሶ ቤት ምን ይዤ ልሂድ ብሎ እንደሚጨነቅ ሰው ነው የጠየቁኝ። የፈሩት ባዶ እጅ መሄድ ነውር እንዳይሆንባቸው ነው። ልጃቸው በማግስቱ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ትጀምራለች።

ሐዋሳ ውስጥ ብዙ ዓመት ፈትኛለሁ። ይህ ጥያቄ በተለያየ መልኩ ይመጣል። የሚጠይቁት ደጋግ ሰዎች ስለሆኑ ነው ነገሩ የሚያሳስበኝ። ስለዚህ የምሰማውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ለአስተናጋጅ ጉርሻ ይሰጥ የለ? ፈታኝም ያው ነው»

እዚህ ላይ ሰው ቢሳሳት አይገርመኝም። ከተማችን የእንግዳ ከተማ ናት። ፍቅር ሐይቅ ላይ በጀልባ ላዞረን፣ አሞራ ገደል ዓሣ ላቀረበልን ልጅ ጉርሻ እንሰጣለን። ደግ ልማድ ነው። ቃሉም ደግ ቃል ነው። ጉርሻ መጀመሪያ የማዕድ ነገር ነው፤ ጠቅልለን ለምንወደው ሰው አፍ የምናደርሰው።

ግን አስተናጋጁ ለእኔ ቢተጋ ከጎኔ ጠረጴዛ የተቀመጠው ሰው ዓሣ አይጎድልበትም። ፈተና ክፍል ውስጥ እንዲህ አይደለም። ፈታኝ ለአንዱ የሚያደላው ነገር ሁሉ ከሌላው የተወሰደ ነው። ለአንዱ አምስት ደቂቃ ከጨመረ፣ በሰዓቱ ወረቀቷን ያስረከበችው ልጅ አምስት ደቂቃ ተቀምታለች። አንዱ ሲኮርጅ አይቶ እንዳላየ ካለፈ፣ ሌሊቱን ሲያጠና ያደረው ልጅ ከሰረ። ሐዋሳ ከተማና ሲዳማ ቡና ሲጫወቱ አንድ ደጋፊ ተነስቶ «ለዳኛው ትንሽ ጉርሻ ልስጥ» ቢል ስቴዲየሙ በሙሉ ይጮህበታል። ፈታኝም ዳኛ ነው። ለእንዲህ ያለው ስጦታ አማርኛ ጉርሻ አይልም። እጅ መንሻ ይለዋል፤ ሲከፋ ጉቦ።

«ከፈተናው በኋላ ከሆነ ምስጋና ነው»

ይህ ከሁሉም ይከብደኛል፤ እውነት ስለሚመስል።

አንድ ዓመት የመጨረሻው ፈተና አልቆ ስወጣ አንድ አባት በር ላይ ጠበቁኝ። ዓሣ አስጋሪ ናቸው። በጥቁር ፌስታል ቆሮሶ ዓሣ ይዘዋል፣ ፌስታሉ ከታች ይንጠባጠባል። «ዛሬ ጠዋት ከሐይቁ የወጣ ነው። ፈተናው አልቋል፣ አሁን ምን ክፋት አለው?» አሉኝ። ፊታቸው በደስታ በርቷል።

ልመልስላቸው ስል ከኋላቸው አንድ ልጅ ቆሞ አየሁ። እዚያው ክፍል የፈተንኩት ልጅ ነው። እኔን አያየኝም፣ ዓይኑ ፌስታሉ ላይ ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ለዚህ ጥያቄ መልሴ ያ ልጅ ነው። ዓሣውን ተቀብዬ ብሄድና ውጤቱ ዝቅ ቢልበት ምን ይላል? አባቴ ዓሣ ስላላመጣ ነው ይላል። የዓሣ አስጋሪው ልጅስ? በላቡ ያመጣው ውጤት ሁሌ ያ ፌስታል ይነሳበታል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ይፈተናል፤ እኔም «አምና የተቀበለው መምህር» እሆናለሁ። አንድ ኪሎ ዓሣ ይህን ሁሉ ይዞ ይመጣል።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር አለ። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 በጉቦ የሚጠይቀው ተቀባዩን ብቻ አይደለም፤ ሰጪውንም ነው። «እኔ እኮ ሰጪ ነኝ» ማለት አያድንም። ጥቅም ሲባልም ብር ብቻ አይደለም።

«ፈታኙ ከፈለገ ሊረዳ ይችላል»

ፈታኝ ብዙ ሥልጣን ያለው የሚመስለን ቆሞ ስለሚያየን ነው። የ12ኛ ክፍልን ፈተና እንይ። ድሮ ተማሪው በተማረበት ወይም በቅርቡ ባለ ትምህርት ቤት ነበር የሚፈተነው። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ግን ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተዛወረ፤ እሱም የተሰጠው በ2015 መጀመሪያ ላይ ነበር። ልጆቻችን ሻንጣቸውን ይዘው ግቢ ገቡ፣ እዚያው እየበሉና እያደሩ ተፈተኑ። ፈታኙ ከሌላ ቦታ የመጣ፣ ልጁንም ወላጁንም የማያውቅ ሰው ነው። ፈተናው በወረቀት ሲሆን የጥያቄ ወረቀቱ ኮድ ይለያያል፣ የመልስ ወረቀቱን ማሽን ያርመዋል። ደግሞ የታሪክ መምህር ሆኖ ፊዚክስ የሚፈትን አለ። በኪሱ ብር ብትከቱለት የትኛውን ጥያቄ ይሠራላችኋል?

የዚያን ዓመት ውጤት ሁላችንም እናስታውሳለን። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እኔ ያን ቁጥር ስሰማ ያዘንኩት በልጆቹ አይደለም። ለዓመታት መልስ እየነገርን «ረዳናቸው» ባልነው በእኛው በትልልቆቹ ነው። ልጁ መልስ በተነገረው ቁጥር ራሱ የመሥራት ልምዱን ያጣል፤ የሚነግረው ሰው በሌለበት ቀን ባዶ እጁን ይቀራል።

ጦሱ ለኮረጀው ብቻም አይተርፍም። በ2008 የእንግሊዝኛው ፈተና ቀድሞ ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲሰራጭ ፈተናው በመላ አገሪቱ ቆመ። ምንም ያላጠፉት ልጆች እንደገና ከወር በላይ ሲያጠኑ ቆዩ።

«የመምህር ደሞዝ ትንሽ ነው፣ መርዳት ጽድቅ ነው»

ደሞዙ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፣ እኔም የምኖርበት ነው። ግን ለፈተና ሥራ አበል የሚከፍለው የመደበው አካል ነው። አበሉ ቢያንስ ወይም ቢዘገይ የሚጠየቀው እሱ ነው፣ ተማሪው አይደለም።

«ሻይ ቡናም ክልክል ሊሆን ነው?»

ትምህርት ቤቱ ለፈታኞች ሁሉ ያፈላው ቡና ችግር የለውም። ተማሪ ወይም ወላጅ ለአንድ ፈታኝ ለይቶ የሚገዛው ማኪያቶ ግን ይቅር። ውሃም ቢሆን።

«አልቀበልም ማለት ንቀት ነው»

እኛ አገር የቀረበን ነገር መግፋት ያስቀይማል፣ አውቃለሁ። ስለዚህ የፈታኙ አነጋገር ትልቅ ቦታ አለው። ፈታኝ ሆኖ የሚቆጣ፣ ሰው ፊት የሚያዋርድ አይቻለሁ፤ አልወደውም። ለዓሣ አስጋሪው ያልኩት እንዲህ ነው፦ «አባባ፣ እጅዎ ይባረክ። እንደተቀበልኩ ይቁጠሩት። ለልጁ ጠብሰው ያብሉልኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ ደክሟል።» ትንሽ ዝም አሉና ሳቁ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

ከልጅ ሲመጣ ደግሞ ለስለስ ማለት ይገባል። አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ወረቀት ሳድል ጠረጴዛው ጥግ ላይ ማስቲካ አስቀምጦ «ቲቸር፣ ለእርስዎ ነው» አለኝ። እጁ ይንቀጠቀጣል። ማስቲካውን አንስቼ ወደ ሸሚዙ ኪስ መለስኩለትና «ስትጨርስ አንተ ታኝከዋለህ። አሁን ስምህን ጻፍ» አልኩት። ጻፈ። እጁም ጸና።

ፈታኝን ማመስገን የፈለገ ቤተሰብ «እግዜር ይስጥልን» ቢል በቂ ነው። ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በላይ ማድረግ ከፈለገ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ይስጥ፣ ለሁሉም ልጅ ይደርሳል።

ለባጃጇ እናትም ይህንኑ አሳጥሬ ነገርኳቸው። ሁለት የተቀረጸ እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ የመፈተኛ ካርዷን ያስይዟት። ቁርስ አብልተው ግማሽ ሰዓት ቀድመው ያድርሷት አልኳቸው። «ይኸው ነው?» አሉኝ። «ይኸው ነው።» ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

ፒያሳ ስንደርስ ቦርሳቸውን ከፍተው የሁለታችንንም ሂሳብ ሊከፍሉ ሆነ። «ልጅዎ የት ነው የምትፈተነው?» አልኳቸው። የትምህርት ቤቱን ስም ነገሩኝ። እኔም የተመደብኩት እዚያው ነበር። የራሴን ከፍዬ ወረድኩ።