ደግሜ እንደምወድቅ እያወቅሁ እንዴት ልመለስ?

ይህን ጥያቄ በተለይ ከወጣቶች ደጋግሜ እሰማለሁ። «ንስሐ ገባሁ፣ ቀኖናዬን ጨረስኩ፣ ብዙም ሳልቆይ እዚያው ኃጢአት ውስጥ ተገኘሁ። አሁን አባ ፊት ቆሜ ምን እላለሁ? እግዚአብሔርን ማታለል መሰለብኝ» ይላሉ። ከቤተ ክርስቲያን የቀረ ሰው ሁሉ ጠልቶ የቀረ አይምሰላችሁ። እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ አፍረው ነው የቀሩት።

መልሱን ከመጻጉዕ ዘንድ እንፈልገው። የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት በስሙ የተጠራለትን በሽተኛ ማለቴ ነው። ታሪኩ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ አለ። ሰውየው 38 ዓመት ታሟል። የተኛው ኢየሩሳሌም፣ በበጎች በር አጠገብ ባለችው መጠመቂያ ነው። ውኃው ሲናወጥ ቀድሞ የገባ ይድናል። ጌታ መጥቶ «ልትድን ትወዳለህን?» ሲለው «አዎ» አላለም። «ሰው የለኝም» አለ። እኔ ልወርድ ስል ሌላው ይቀድመኛል ብሎ አማረረ። ከበሽታው ይልቅ ብቸኝነቱ ነበር አፉ ላይ የቀደመው።

ማለዳ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል የተሰለፈ ሰው ይህን ምሬት ይረዳዋል። የእንጦጦ ብርድ መቼም ታውቁታላችሁ። ሰዉ ነጠላውን ተከናንቦ ይቆማል፣ ቢጫ ጀሪካኑ ተራ ይይዛል። አንድ ቀን ከፊቴ አንዲት እናት ጎልማሳ ልጃቸውን ደግፈው ቆመው ነበር። ልጁ አንድ እግሩ አይረግጥም። ተራቸው ሲደርስ ብቻቸውን ሊያስገቡት አቃታቸው። ከኋላችን የነበረ ጎረምሳ ማንም ሳይጠይቀው ጋቢውን ለሰው አስይዞ ልጁን አዝሎ ገባ። ሲመለስ ሰልፉ ተንቀሳቅሶ ተራው አልፎበታል። ምንም ሳይናገር መጨረሻ ላይ ሄዶ ቆመ።

(ጠበልን ካነሣሁ አይቀር፣ ጠበል ጀመርን ብላችሁ የሐኪም መድኃኒት እንዳታቋርጡ። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ከጠበሉ ጋር መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። ሁለቱም ከእግዚአብሔር ናቸው፤ አይጣሉም።)

ወደ መጻጉዕ እንመለስ። ጌታ «ተነሣና አልጋህን ተሸክመህ ሂድ» አለው፣ ተነሥቶ ሄደ። ታሪኩ ግን እዚህ አያበቃም። ጌታ በተያዘ ጊዜ በሊቀ ካህናቱ ፊት አንድ ሎሌ በጥፊ መታው። አባቶቻችን ያ የመታው ሰው መጻጉዕ ነው ብለው ያስተምሩናል። 38 ዓመት ሰው አጥቶ የኖረው፣ ሰው የሆነለትን በጥፊ መታ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጌታ ያን ቀን መጠመቂያዋ ዳር ሲያድነው ይህን እጅ አላወቀውም? ያውቀዋል እንጂ። ልብን የሚመረምር አምላክ ነው። የሚፈውሰው እጅ ነገ ፊቱን እንደሚመታ እያወቀ ፈወሰው። ሲመታም «መልካም ተናግሬ እንደ ሆነ ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠየቀው።

እና አንተ «ነገ እንደምወድቅ እያወቅሁ» ስትል፣ እሱ ያላወቀውን ምን ነገርኸው? ያንተን ነገ ካንተ በፊት አይቶታል። አይቶትም ና ይልሃል። ጴጥሮስን ወንድምህን ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር በል ያለ ጌታ፣ እሱ ራሱ በሦስተኛው ይሰለቻል?

እንደ ልብህ ኑር ማለቴ ግን አይደለም። ጌታ የዳነውን ሰው በመቅደስ ሲያገኘው ከዚህ የባሰ እንዳይደርስብህ ደግመህ አትበድል ብሎታል። ስለዚህ ለንስሐ አባታችሁ ኃጢአቱን ብቻ ሳይሆን መንገዱንም ንገሩ። በየትኛው ሰዓት? ከማን ጋር? ስልክ ላይ ነው ወይስ ደመወዝ ሲወጣ? የሚጥላችሁ መጠጥ ቤት ታክሲ መውረጃው ላይ ከሆነ አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱ። ይህን ትንሽ ነገር የሚንቅ አለ። እኔ አልንቀውም።

በተለይ ከመሃል ከተማ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱና ወደ ሌሎቹ ዳር ሰፈሮች የገባችሁ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቤት ስትቀይሩ የንስሐ አባታችሁስ? ብዙ ሰው ድሮ ሰፈሩ ትቷቸው ነው የመጣው። እሳቸው መንገዱ ይርቃቸዋል፣ እኛ መደወል እናፍራለን፣ ዓመት ያልፋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ የጎረቤት ስም ሳያውቁ መኖር ይቻላል፤ «ሰው የለኝም» የሚለው እዚያም ሞልቷል። ዛሬ ደውሉላቸው። ስልካቸው ከጠፋባችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ደብር ሂዱና «ለሰፈሩ አዲስ ነኝ፣ የንስሐ አባት እፈልጋለሁ» በሉ። ከቅዳሴ በኋላ ቢሆን ይሻላል፤ ካህናቱ ያን ጊዜ ረጋ ብለው ያነጋግሯችኋል።