ላፕቶፑ ነው የተሸነፈው ወይስ ፕሮግራሙ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ሥር ሞባይል የሚጠግን ልጅ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ የቼዝ ቤት ይሆናል። ሰሞኑን ሁለት የሰፈር ልጆች የቼዝ ፕሮግራም አጋጠሙ። አንዱ ግራፊክስ ካርድ ያለውን ዴስክቶፑን ከአራተኛ ፎቅ አውርዶ ሊላ የሚባለውን ፕሮግራም ከፈተ። ሁለተኛው ስቶክፊሽ የሚባለውን በአሮጌ ላፕቶፑ ይዞ መጣ። አሥር ጨዋታ ተጫወቱ። ሊላ 6 ለ 4 አሸነፈች።

«ጋሼ፣ በቃ ተለየ! ሊላ ትበልጣለች» አለኝ ባለ ዴስክቶፑ።

እኔ ዓይኔ ላፕቶፑ ላይ ነበር። ቻርጀሩ አልተሰካም። ሶኬቱን ዴስክቶፑና የጠጋኙ ካውያ ይዘውታል። ላፕቶፕ ደግሞ ባትሪ ላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ክርክሩ ከዚህ ተነሳ፤ የተባሉትን አንድ በአንድ ልያቸው።

«በሴኮንድ ብዙ አቋም የሚያይ ይበልጣል»

አቋም ማለት ጠጠሮቹ ሰሌዳው ላይ ያላቸው አሰላለፍ ነው። ይሄ የቆየ እምነት ነው፤ ከየት እንደመጣም ይገባኛል። በ1997 እ.ኤ.አ. የአይቢኤም ኮምፒውተር ዲፕ ብሉ የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን 3.5 ለ 2.5 ሲረታ፣ «በሴኮንድ 200 ሚሊዮን አቋም ያያል» የሚለው ወሬ ዓለምን አዳረሰ። ከዚያ ወዲህ ሰው ጉልበትን በዚህ ቁጥር መለካት ለመደ።

በ2017 እ.ኤ.አ. ግን የጉግሉ ዲፕማይንድ ፕሮግራም አልፋዜሮ መጣ። በሴኮንድ የሚያየው 80 ሺህ ገደማ ነበር። ተጋጣሚው ስቶክፊሽ 8 ደግሞ 70 ሚሊዮን። ከ100 ጨዋታ አልፋዜሮ 28 አሸነፈ፣ 72ቱ አቻ ወጡ፣ አንድም አልተሸነፈም።

እስቲ ገበያ እንሂድ። አንዷ ጤፍ በትንሽ ጣሳ፣ ሌላዋ በትልቅ ቁና ብትሰፍር፣ ስንት ጊዜ እንደሰፈሩ ቆጥረህ ማን ብዙ እንደሸጠች ትፈርዳለህ? አልፋዜሮ እያንዳንዱን አቋም በከባድ ኒውራል ኔትወርክ (ከጨዋታ በተማረ የስሌት መረብ) ይመዝናል። የያኔው ስቶክፊሽ ቶሎ ቶሎ አይቶ ያልፋል። ስቶክፊሽ ራሱ በ2020 ትንሽ ኒውራል ኔትወርክ ሲጨመርለት በሴኮንድ የሚያየው ቀነሰ፤ ጉልበቱ ግን ጨመረ።

ቁጥሩ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። አንድ ዓይነት ፕሮግራም፣ አንድ ዓይነት ቅጂ፣ ሁለት ኮምፒውተር ላይ ስታስኬድ የማሽኖቹን ፍጥነት ጥሩ አድርጎ ያሳይሃል። ቁናው አንድ ነዋ!

«እኩል ደቂቃ ከሰጠናቸው ፍትሐዊ ነው»

በጥንቱ የእኛ ሰንጠረዥ ጨዋታ፣ መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር አልነበረም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደ እጃቸው ፍጥነት ያንቀሳቅሱ ነበር። ወረራ ይሉታል። ፈጣንና ዘገምተኛ ኮምፒውተር ላይ እኩል አምስት ደቂቃ መስጠት ከወረራ ብዙም አይለይም። ግማሽ ፍጥነት ያለው ማሽን የተሰጠው ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው ማለት ነው።

ሁለቱም በሲፒዩ (በኮምፒውተሩ ዋና ፕሮሰሰር) ብቻ የሚሠሩ ከሆነ መላ አለው። ሲሲአርኤል የሚባለው የደረጃ ዝርዝር የተለያየ ኮምፒውተር ያላቸው ሰዎች የሚያካሂዱት ነው። አንድ ማጣቀሻ ፕሮሰሰር ይዘዋል፤ አይ7-4770ኬ። ማሽኑ ከእሱ ከዘገየ ሰዓቱ ይረዝማል፣ ከፈጠነ ያጥራል። የሰፈራችን ልጆችም ይሄን ማድረግ ይችላሉ።

አስቸጋሪው የእነሱ ዓይነት ግጥሚያ ነው። ስቶክፊሽ ግራፊክስ ካርድ አይጠቀምም። ሊላ ደግሞ ያለ ግራፊክስ ካርድ ትሠራለች፣ ግን በጣም ትዳከማለች። ታዲያ ምኑን እናመጣጥን? ዋጋውን? የሚበላውን መብራት? አንዳንዶች የአልፋዜሮን ግጥሚያ መነሻ አደረጉ። 70 ሚሊዮን ለ80 ሺህ ሲካፈል 875 ነው። የሊላና የስቶክፊሽ ፍጥነት ልዩነት ወደዚህ ሲጠጋ «እንደዚያን ጊዜው ነው» ይላሉ። እንደ መነሻ መልካም ነው። ግን ያ ግጥሚያ ራሱ ፍትሐዊ ነበር ያለው ማነው?

ብዙ ቅሬታ ተነስቶበት ነበር እኮ። አልፋዜሮ በአራት የጉግል ልዩ ቺፖች ነው የተጫወተው። ስቶክፊሽ 64 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሠራ ስሌት) ቢሰጠውም የማስታወሻ ቋቱ 1 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ለአንድ እርምጃ አንድ ደቂቃ መባሉም ሰዓቱን እንደ አቋሙ ክብደት የማከፋፈል ችሎታውን ነጠቀው። በ2018 በወጣው ጥናት ቋቱ 32 ጊጋባይት ሆነ፤ ሰዓቱም 3 ሰዓትና በየእርምጃው 15 ሴኮንድ። ከ1,000 ጨዋታ አልፋዜሮ 155 አሸነፈ፣ 6 ተሸነፈ። ስለዚህ ቅሬታው ልክ ነበር፤ አሸናፊው ግን አልተቀየረም።

«አንድ ኮምፒውተር ላይ ይሁኑ፣ ችግሩ ያልቃል»

ሲፒዩ ብቻ ለሚጠቀሙት ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ካልረሳህ። ፕሮግራም በተጋጣሚው ተራም እንዲያስብ ሊፈቀድለት ይችላል። ሁለቱ አንድ ማሽን ሲጋሩ ያን ካላጠፋህ፣ አንዱ የሌላውን የፕሮሰሰር ጉልበት ይሻማል።

«ሁለቱም እስከ 20 ጥልቀት ይሂዱ»

ጥልቀት ወደፊት ስንት እርምጃ እንደሚያዩ ነው። የአንዱ 20 የሌላው 20 አይደለም። ፕሮግራሞች የማይረቡ መስመሮችን የሚቆርጡት በየራሳቸው መንገድ ነው።

«አሥር ጨዋታ ይበቃል»

አይበቃም። ግማሹ አቻ የሚወጣ ከሆነ፣ ከአሥር ጨዋታ የሚገኝ ውጤት ወደ 150 ኢሎ (የቼዝ ጉልበት መለኪያ ነጥብ) ገደማ ወዲህም ወዲያም ሊያወላግድ ይችላል። 100 ጨዋታ ሲሆን ወደ 50 ይወርዳል። 6 ለ 4 ማለት ደግሞ 70 ኢሎ ገደማ ነው፤ ስህተቱ ውስጥ ሰጥሞ ይቀራል። አጀማመሩም መታሰብ አለበት። አንድ መክፈቻ ሁለቴ፣ ነጭና ጥቁር ተቀያይረው ነው የሚጫወቱት።

ይሄን ሁሉ ከነገርኳቸው በኋላ በሚቀጥለው ቅዳሜ 100 ጨዋታ ተቀጠረ። ላፕቶፑ ተሰካ። ለፕሮሰሰሩ የሚስማማ የስቶክፊሽ ቅጂ ተጫነ፤ የበፊቱ ለድሮ ማሽኖች ሁሉ ተብሎ የተዘጋጀው ዘገምተኛ ቅጂ ሆኖ ተገኘ። ሰዓቱም ተመጣጠነ።

37ኛው ጨዋታ ላይ መብራት ሄደ። ዴስክቶፑ ጸጥ አለ። ላፕቶፑ በባትሪው ተራውን እየጠበቀ ነው።

«ጋሼ» አለ ባለ ላፕቶፑ፣ «ይሄስ እንዴት ይቆጠራል?»