«ለራስሽ ስትይ ጣፍጪ» የተባለችው ጨው

«አንቺ ጨው፣ ለራስሽ ስትይ ጣፍጪ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሻል።» ድሬ ውስጥ ይህን ሳይሰማ ያደገ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። መልእክቱ ቀላል ነው። ጥቅሙ ያንተው ነው፣ ከሰነፍክ የምትጣለው አንተው ነህ። በትምህርቱ ለሚቀልድ ልጅ ይነገራል፣ ደንበኛ እያመናጨቀ ገበያውን ለሚያባርር ባለሱቅም እንዲሁ።

ድንጋዩ ግን ከየት መጣ? ዛሬ ጨው ስንል የሚታየን በላስቲክ የታሸገው፣ አዮዲን የገባበት ደቃቁ ስለሆነ፣ ይሄን ከድንጋይ ጋር ማን ያምታታዋል ያሰኛል። ተረቱ የሚገባህ አሞሌን ስታስብ ነው። አሞሌ አፋር ውስጥ፣ ዳሎል አካባቢ፣ ከጨው ሜዳው በመጥረቢያ ተፈልጦና ተጠርቦ በግመል ወደ ደጋ የሚወጣ ጨው ነው። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር፤ ከተሸረፈ ዋጋው ይወርዳል። አቧራ የጠጣ የአሞሌ ስባሪ መሬት ላይ ወድቆ ብታየው ግራጫ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ከጠጠር በዓይን አትለየውም። ላስ አድርገህ ነው የምታውቀው። ጨው ከሆነ ወደ ጓዳ፣ ካልሆነ ወደ ደጅ።

አቦ፣ እኔን ደግሞ በጣም ደስ የሚለኝ ኬሚስትሪው ነው። እዚሁ ድሬ ቀፊራ ገበያ ብትገባ አንዱ ጨው፣ አንዱ በኦሮምኛ ሶጊዳ፣ ሌላው በሶማልኛ ኡስቦ ይልሃል፣ ሁሉም የሚያወሩት ወጥ ውስጥ ስለሚገባው ነው። ኬሚስትሪ ክፍል ስትገባ ግን ቃሉ ይሰፋል። አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ከውሃው ጋር የሚገኘው ውህድ ጨው ይባላል፤ የምንበላው ሶዲየም ክሎራይድ ከብዙዎቹ አንዱ ነው። አሁን ድሬዳዋን ተመልከት። ለሲሚንቶ የሚሆን የኖራ ድንጋይ ያላት ከተማ ናት። የዚህ ድንጋይ ዋናው ነገር ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ካልሲየም ካርቦኔት ደግሞ በኬሚስትሪ አጠራር ጨው ነው! ብትልሰው ግን ምንም አይልህም። ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟማ፤ ምራቅ ያላሟሟውን ምላስ አይቀምሰውም። የወጡ ጨው ምራቅ ሲነካው ወዲያው ይሟሟል፣ የሚጣፍጠውም በዚያ ነው። ስለዚህ ድንጋይ የተባለ የማይጣፍጥ ጨው የእውነት አለ፣ የግድግዳችን ሲሚንቶም የሚሠራው ከእሱ ነው።

አነጋገሩን ስትጠቀምበት ለወንድም ቢሆን «ጣፍጪ» እንዳለ ይቆያል፣ ንግግሩ ከጨው ጋር ነውና። ብዙ ሰው «ለራስሽ ስትይ ጣፍጪ» ብሎ ያቆማል፣ ቀሪውን ሰሚው ይጨርሰዋል። ታላቅ ለታናሹ፣ ጓደኛ ለጓደኛው ይለዋል። ለአባትህ ወይም ለሰፈር ሽማግሌ ግን እንዳትል፣ እንደ ስድብ ይቆጠርብሃል።