ስለ 1949 የምዕራብ ጀርመን ምርጫ የሚነገሩ ስህተቶች እና እውነታው

ስለ ጥምር መንግሥት ጨዋታ ሲነሣ ጀርመን ሳትጠራ አትቀርም። ስለ መጀመሪያው የምዕራብ ጀርመን ምርጫ እውነትና ተረት ተቀላቅሎ የሚወራውም ያኔ ነው። ምርጫው የተካሄደው ነሐሴ 8 ቀን 1941 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ኦገስት 14 ቀን 1949 ነበር፤ ከዚህ በኋላ በእነርሱ አቆጣጠር እቀጥላለሁ። ደጋግሜ የሰማኋቸውን ስህተቶች እነሆ።

«አደናወር ጠራርገው አሸነፉ»

ይህ የመጣው ከ1957ቱ ምርጫ ጋር ከማምታታት ነው። በ1957 የመጀመሪያው የምዕራብ ጀርመን መራሔ መንግሥት (የመንግሥት መሪ) የኮንራድ አደናወር ፓርቲ፣ ክርስቲያን ዴሞክራቶች፣ ከባቫሪያዊው እኅት ፓርቲያቸው ጋር ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝተዋል። በ1949 ግን ያገኙት 31 ከመቶ ብቻ ነበር። የኩርት ሹማኸር ሶሻል ዴሞክራቶች በ29.2 ከመቶ ተረከዛቸውን እየረገጡ ነበር። በመቀመጫ 139 ለ131 ማለት ነው። ምክር ቤቱ 402 ድምፅ ሰጪ አባላት ስለነበሩት 139 ይዞ ብቻውን መንግሥት የሚመሠርት የለም።

«ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ያልተጣመሩት ቁጥሩ ስላልበቃ ነው»

ቁጥሩማ ተርፎ ነበር፤ አንድ ላይ 270 መቀመጫ ነበራቸው። ከተማው ፍርስራሽ፣ ከምሥራቅ የተፈናቀለው ሕዝብ መጠለያ ፈላጊ በሆነበት ሰዓት ለምን አብረን አንሠራም የሚሉ ሰዎች በራሱ በአደናወር ፓርቲ ውስጥ ጥቂት አልነበሩም።

ነገሩ የተቆረጠው ከምርጫው በሳምንቱ እሑድ፣ በራይን ወንዝ ዳር ባለችው ሮንዶርፍ፣ በአደናወር መኖሪያ ቤት ነው። ሽማግሌው የፓርቲውን ትልልቅ ሰዎች ቡና ጠርተው ጥሩ ምግብና ጥሩ ወይን አቀረቡላቸው። ይህ በደንብ የተቋቋመ የፓርቲ ጉባኤ አልነበረም። ማን እንደሚጠራና ማን እንደማይጠራ የወሰኑት የቤቱ ጌታ ራሳቸው ናቸው። እኔ የዚህን ምርጫ ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የአገሪቱ ቀጣይ ዓመታት አቅጣጫ የተያዘው ከድምፅ መስጫው ሳጥን ይልቅ እዚያ ነውና።

የአደናወር ክርክር ግልጽ ነበር። የኢኮኖሚ ኃላፊው ሉድቪግ ኤርሃርድ ከ1948ቱ የገንዘብ ለውጥ ጋር አብዛኛውን የዋጋ ቁጥጥር አንሥተዋል፤ መራጩም ይህን መንገድ ደግፏል። ሹማኸር በበኩላቸው የኢኮኖሚ ሚኒስቴሩ ለፓርቲዬ ካልተሰጠ ባይ ነበሩ፤ ስለዚህ ከእርሳቸው ጋር መግባት የኤርሃርድን ሥራ ማፍረስ ይሆናል። እንግዶቹ ወይኑን እየጠጡ ሰሙ። ከዚያ አስተናጋጁ ራሳቸውን ለመራሔ መንግሥትነት አጩ። ዕድሜያቸው 73 ነበርና ሐኪማቸውን እንደጠየቁና ለአንድ ሁለት ዓመት ቢሠሩ ችግር እንደሌለው እንደነገራቸው ገለጹ። 14 ዓመት ቆዩ።

ከዚያ ድርድር የወጣው ጥምረት 52 መቀመጫ የነበራቸውን ነጻ ዴሞክራቶችና 17 መቀመጫ የነበረውን ወግ አጥባቂውን የጀርመን ፓርቲ አቀፈ። ድምሩ 208 ነው።

«አደናወር በገዛ ድምፃቸው ተመረጡ»

ሴፕቴምበር 15 ቀን በምክር ቤቱ በተሰጠው ምስጢራዊ ድምፅ የሚያስፈልገው 202 ነበር፤ የተገኘውም 202። አደናወር ለራሳቸው ድምፅ መስጠታቸውን አልካዱም። እስከዚህ ድረስ ወሬው ትክክል ነው። የሚዘለለው ግን ጥምረቱ 208 ሰው ይዞ 202 ማግኘቱ ነው፤ ቢያንስ ስድስት ድምፅ ከራሱ ወገን ጎድሏል። ደግሞም አንዷ ድምፅ ብትጎድል ኖሮ ሁሉም ነገር ያከትም ነበር የሚባለው ስህተት ነው። በመሠረታዊ ሕጉ፣ ማለትም በአገሪቱ ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 63 መሠረት ምክር ቤቱ ሌላ 14 ቀን ያገኝ ነበር፤ በዚያም ካልተሳካ በመጨረሻው ዙር ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ሰው ሊሾም ይችል ነበር።

«የሾሟቸው አሜሪካኖችና እንግሊዞች ናቸው»

እንግሊዞች እንኳን ሊሾሟቸው፣ በኦክቶበር 1945 ሥራዎን በሚገባ አልተወጡም ብለው ከኮሎኝ ከንቲባነት ያባረሯቸው እነርሱ ናቸው! ይህን ስነግራቸው ብዙዎች አያምኑኝም።

በእርግጥ አዲሱ መንግሥት ሙሉ ሥልጣን አልነበረውም። አገሪቱን የያዙት የሦስቱ ኃያላን፣ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ፣ ከፍተኛ ኮሚሽነሮች የውጭ ጉዳይን ጨምሮ ብዙ ነገር በእጃቸው ነበር፤ እስከ 1951 ድረስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሚባል ሰው አልነበረም። ሴፕቴምበር 21 ቀን አደናወር ካቢኔያቸውን ለማስተዋወቅ ከመንግሥቱ መቀመጫ ከቦን ማዶ፣ ኮሚሽነሮቹ ወደነበሩበት ወደ ፔተርስበርግ ኮረብታ ወጡ። በሥነ ሥርዓቱ መሠረት ምንጣፉ ላይ የሚቆሙት ኮሚሽነሮቹ ናቸው፤ ጀርመኑ ከምንጣፉ ውጪ ይጠብቃል። የፈረንሳዩ ፍራንሷ ፖንሴ ሰላምታ ሊሰጧቸው ራመድ ሲሉ አደናወርም ወደፊት ራመዱና ምንጣፉን ረገጡት፤ እኩል ነን እንደማለት።

«የ5 ከመቶው ገደብ ያኔም እንደ ዛሬው ነበር»

ገደቡ አንድ ፓርቲ ምክር ቤት ለመግባት ቢያንስ 5 ከመቶ ድምፅ ያግኝ የሚል ነው። ግን ያኔ እንደ ዛሬው አልነበረም። በ1949 ገደቡ የሚሰላው በየክፍለ ግዛቱ ስለነበር የባቫሪያ ፓርቲ በአገር አቀፍ ደረጃ 4.2 ከመቶ ብቻ አግኝቶ 17 መቀመጫ ይዟል። መራጩም እንደ ዛሬው ሁለት ሳይሆን አንድ ድምፅ ብቻ ነበረው።

«ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በቦን የተቀበሏቸው ርዕሰ ብሔር አደናወር ናቸው»

ይህኛው የእኛው ሰፈር ስህተት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በኖቬምበር 1954 ምዕራብ ጀርመንን በመጎብኘት የመጀመሪያው የውጭ አገር ርዕሰ ብሔር ነበሩ። አደናወር ግን የመንግሥት መሪ ነበሩ። የአገሪቱ ርዕሰ ብሔር ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሆይስ ነበሩ። ሆይስ የነጻ ዴሞክራቶቹ ሰው ሲሆኑ፣ በሴፕቴምበር 1949 ሹማኸርን በሁለተኛ ዙር ድምፅ አሸንፈው ነበር የተመረጡት። ወንበሩ ለነጻ ዴሞክራቶች እንዲሆን የታሰበውም በዚያው ሮንዶርፍ፣ በዚያው የቡና ግብዣ ላይ ነበር።