«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»፦ መቀነት የያዘ ሰው ያውቀዋል

ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚኒባስ ስሄድ ነው የሰማሁት። ከፊቴ ሁለት ወጣት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ መስከረም ላይ የማታ ትምህርት ልትመዘገብ ማሰቧን ታወራለች። ያቋረጠችውን ዲግሪ ልትጨርስ ነው። ለክፍያው የሚሆነውን ገንዘብ ከየካቲት ጀምሮ እያጠራቀመች ነው። የሥራ ፈረቃዋን ሳይቀር አስቀይራለች። ሐረጎን እየወጣን ጓደኛዋ እጇን ያዝ አድርጋ፣ «ምን አስቸኮለሽ የኔ እህት? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሲባል አልሰማሽም? ዘንድሮን ተይውና ለከርሞ ይደርሳል» አለቻት።

ልጅቷ ዝም አለች። እኔም ሰው ወሬ ውስጥ መግባት ከብዶኝ ዝም አልኩ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ከየካቲት ጀምራ ገንዘብ ስታጠራቅም የከረመች ሰው እኮ ቆማ ታጥቃለች። ያ አባባል እሷን አይመለከትም።

ይህች አባባል አሁን አሁን የማትመዘዝበት ቦታ የለም። ሱቅ ልክፈት ያለ ይሰማታል። መንጃ ፈቃድ ላውጣ ያለ ይሰማታል። በፊት «አትቸኩል» ነበር የምትለው፤ አሁን «አትጀምር» ማለት ሆናለች። እስኪ ቀስ ብላችሁ ድገሟት። «ሲሮጡ» የሚለው ቃል ሁለቴ አለ። መጀመሪያም ሩጫ፣ መጨረሻም ሩጫ። ሯጩ መሮጡን ማንም አልነቀፈበትም። የተጠየቀው የት ቦታ እንደታጠቀ ብቻ ነው።

እኔ ይህንን ያወቅኩት በአያቴ መቀነት ነው።

የአያቴ ቤት ከኩታበር ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ነበር። ልጅ ሆኜ ክረምቱን እዚያ ነበር የማሳልፈው። በገበያ ቀን ጎህ ሲቀድ ትቀሰቅሰኛለች። «ተነስ ልጄ፣ ና ያዝልኝ» ትለኛለች። የምይዝላት መቀነቷን ነው። መቀነት ስላችሁ ዛሬ ለበዓል ከሀበሻ ቀሚስ ጋር የሚሸጠውን ቀጭን ጌጥ እንዳታስቡ። የሷ ስምንት ክንድ ይሆናል። ወፍራም ነው፣ በእጅ የተፈተለ ነው፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጥለት አለው።

አንዱን ጫፍ ይዤ በሩ ጋ እቆማለሁ። እሷ ሌላውን ጫፍ ወገቧ ላይ ታሳርፍና «ቢስሚላህ» ብላ መዞር ትጀምራለች። እየዞረች፣ እየተጠመጠመላት፣ ወደኔ ትቀርባለች። «ሳብ አርገው! ሳብ!» ትላለች። እጄ ከላላ በዚያው ትቆማለች። አትቆጣም። ወደመጣችበት ዞራ የተጠመጠመውን ሁሉ ትፈታና «ቢስሚላህ» ብላ ከመጀመሪያው ትነሳለች። እኔ እንቅልፌ አልለቀቀኝም፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እሷ ግን ገበያው ይርፈድ እንጂ የላላ መቀነት ታጥቃ ከደጅ አትወጣም። መጨረሻ ላይ እኔ ጋ ስትደርስ ጫፉን ከእጄ ትቀበልና ወደ ውስጥ ትወትፈዋለች። እኔ በሌለሁበት ቀን ጫፉን ምሰሶው ላይ ታስረው ነበር።

ሩጫው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሴቶቹ ምስሩን ወይም ባቄላውን በጀርባቸው ይዘው ቁልቁለቱን በሶምሶማ ነው የሚወርዱት። ሸክሙ የሚያርፈው መቀነቱ ላይ ነው። ወገብን ደግፎ የሚያቆየውም እሱ ነው። የወለደች ሴት ወገቧ የሚጠናው በመቀነት ነው። ሳንቲሙም ቁልፉም የሚቋጠረው እዚያው ጫፉ ላይ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ልጅ ያሳደጉ የወሎ እናቶች «ሆዷን በመቀነት አስራ አሳደገችን» ሲባልላቸው ቃል በቃል ነው።

አንድ ቀን አንዲት ጎረቤታችን አርፍዳ ወጣች። መቀነቷን እየሄደች ነበር የምትጠመጥመው። ወንዙ ጋ ሳንደርስ ተፈታና እግሯ ላይ ተጠመጠመ። ሸክሙ ወደ አንድ ጎን ተንሸራተተ፣ ምስሩም ፈሰሰ። ማንም አልሳቀባትም። ሁሉም ቆሙ። አንዷ የፈሰሰውን ለቀመች። አያቴ የመቀነቱን ጫፍ ያዘችላትና መንገዱ መሐል ላይ ቆመው፣ እየተዞረ፣ እንደገና ተጠመጠመ። ከዚያ ሁላችንም ቁልቁለቱን ቀጠልን። «በይ ወደ ቤትሽ ተመለሺ» ያላት ሰው አልነበረም። አባባሏን ለማስፈራሪያ የሚጠቀሙ ሰዎች ይህንን ቢያዩ ደስ ባለኝ።

ስለ አመጣጧ ከተነሳ፣ ብዙ ሰው ከጦርነት ጋር ያያይዛታል። ትጥቅ ሲባል ጦርና ጎራዴ ስለሚታሰብ ነው። እዚሁ ወሎ መቅደላ ላይ በ1860 ሕይወታቸው ያለፈው አፄ ቴዎድሮስ የፈረስ ስማቸው «አባ ታጠቅ» ነበር። ቤተ ክህነት የዋሉ ሰዎች ደግሞ ነቢዩ ኤልያስን ያነሳሉ። እሱም ወገቡን ታጥቆ ነው በአክዓብ ፊት የሮጠው። ታጥቆ፣ ከዚያ ሮጠ። ቅደም ተከተሉ ልክ እንደ አያቴ ነው።

እኔ ግን አባባሏ የሴቶች ናት ባይ ነኝ፤ ያውም እንዲህ ያለ ዳገትና ቁልቁለት ያለበት አገር ሴቶች። ወታደር ቀበቶውን ብቻውን ይታጠቃል። እየሮጠም ቢሆን ሊያጠብቀው ይችላል። ስምንት ክንድ መቀነት ግን ለብቻ አይታጠቁትም። ጫፉን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፣ ወይም ምሰሶ። የሚሮጥ ሰው ደግሞ ጫፉን የሚይዝለት የለውም። ለዚህ ነው የሚፈታበት። አባባሏን የፈጠረቻት ሴት ይህንን በወገቧ የምታውቅ ሴት ናት። ይህንን ስል ወንዶች ወዳጆቼ ይከራከሩኛል። ጋቢውን ወገቡ ላይ አደግድጎ ለአጨዳ የሚወጣው ገበሬስ ይሉኛል፤ ሽርጡን ጠቅልሎ የሚሰካውስ? እሱን በአንድ እጅ ያስተካክሉታል። ከአቋሜ ፍንክች አልልም።

እቅድንም የማየው በዚሁ ዓይን ነው። አያቴ «እቅድ» የሚል ቃል አታውቅም፤ ቋጠሮ ግን ነበራት። በመቀነቷ ጫፍ አንዱ ቋጠሮ የጨው ነው። ሌላው የበጓ ነው። ከእንቁላል ሽያጭ የምታገኘውን ሳንቲም በየገበያው እዚያ ላይ ትጨምራለች። ለአረፋ የሚታረደው በግ ከዚያ ነው የሚገዛው። አንድ ጊዜ ከረሜላ ግዥልኝ ብዬ አለቀስኩ። ቋጠሮውን ዳበስ አደረገችና «ይሄ የበጓ ነው ልጄ» አለችኝ። ጨውም ቢጎድል ያ ቋጠሮ አይፈታም። ምን እንደምትፈልግ፣ ለመቼ እንደምትፈልግ፣ ስንት እንደቀራት በጣቷ ዳብሳ ታውቀው ነበር።

የበልግ ገበሬውም እንደዚያው ነው። በኛ ደጋ በልግ ብዙ ቤት ያኖራል። ዝናቡ የካቲት ወይ መጋቢት ላይ ከች ይላል፤ ካመለጠ አመለጠ። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው መቀናጆውን የሚነጋገረው ቀደም ብሎ ነው። ማረሻው ተስሎ፣ ቀንበሩ ተጠግኖ፣ ዘሩ ተለይቶ ይቀመጣል። ሰማዩ ሲጠቁር ይሮጣል። እንዴት ያለ ሩጫ መሰላችሁ! ያን ገበሬ «ምን አስቸኮለህ» የሚለው የለም። ዝናቡ ከጣለ በኋላ ባለ በሬ ፍለጋ ሰፈር የሚዞረው ነው ይህች አባባል የምትተረትበት።

ስለዚህ አንድ ሰው ሐሳቡን ሲያዋያችሁ እባካችሁ ይህችን አባባል ከመምዘዛችሁ በፊት ጠይቁት። ገንዘቡን አዘጋጅተሃል? ቀኑን ቆርጠሃል? ጫፉን ማን ይዞልሃል? ሦስቱንም ከመለሰ አባባሏን ወደ ኪሳችሁ መልሷት። ካልመለሰም «ተወው» አይባልም፤ «ቆም በልና ታጠቅ፣ እኔ ልያዝልህ» ነው የሚባለው። ከጓደኛ አፍ «ለከርሞ» ስትወጣ ደግሞ ጠንቀቅ ነው። ያንን ቃል ስንት ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማው ኖሯል።

ሚኒባሱ ደሴ ገብቶ ሁለቱ ሴቶች ፒያሳ ወረዱ። ያችኛዋ ወርዳ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና ማንጠልጠያውን ሳብ አድርጋ አጠበቀችው። እጄን አውጥቼ ጫፉን ልይዝላት ምንም አልቀረኝም።