«ጥጉ እንዳይባክን!»፦ ስለ ኪችን ካቢኔት ጥግ የሚወራውና እውነታው

ደሴ ውስጥ ኪችን ካቢኔት የሚያሠራ ሰው፣ ቤቱ ለመለካት ስገባ ገና ሜትሬን ሳልዘረጋ ስልኩን ያወጣል። ቪዲዮ ነው። አንዲት ሴት የጥጉን በር ሳብ ስታደርገው የብረት ቅርጫቶች ተከታትለው ይወጣሉ። «እንደዚህ አድርግልኝ፤ ጥጉ እንዳይባክን።» ከሸዋ በር እስከ ሆጤ፣ ኮምቦልቻም ብወርድ፣ ወሬው አንድ ነው። ቅርጫቱ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ማንም ልብ አይልም። አንድ የፓስታ ጠርሙስና ጥቂት ብርጭቆ። እኛ ቤት ጥጉ ውስጥ የሚገባው ድስት ነው።

እስቲ አንድ በአንድ።

«ጥጉ ከተዘጋ ባከነ ማለት ነው»

ደሜን የሚያፈላው ይሄኛው ነው።

መጀመሪያ ጥጉ ምን እንደሆነ እንግባባ። ኤል ቅርጽ ባለው ኪችን ውስጥ 60 ሴንቲ ጥልቀት ያላቸው ሁለት የካቢኔት ረድፎች ይገናኛሉ። የሚገናኙበት 60 በ60 የራሱ ፊት የለውም። በጎረቤቱ በኩል ካልሆነ እጅ አይደርስበትም። ችግሩ በሙሉ ይሄው ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ጥጉ እንዳይባክን ተብሎ ከሚገዛው አንዱ የሚሽከረከረው መደርደሪያ ነው፤ ክብ ትሪዎቹ በቋሚ ብረት ዙሪያ ይዞራሉ። እሱ እንዲገባ በአንዱም በሌላውም ግድግዳ 90 ሴንቲ ይፈልጋል። ውስጡ የሚዞረው ክብ ትሪ ስፋቱ 80 ሴንቲ ገደማ ነው። በሩ እንዲገጥም ሩቡ ተቆርጦ ይወጣል። የሚተርፈው 3,770 ካሬ ሴንቲ ነው። ላይና ታች ሁለት ትሪ ስላለ 7,540።

እሺ፣ ጥጉን ጭራሽ ዘግተን እንተወው። 60 ሴንቲ ለጥጉ፣ መሳቢያዎቹ እንዳይጋጩ 5 ሴንቲ መሙያ ጣውላ፤ 65 ሆነ። ከ90ው በየግድግዳው 25 ሴንቲ ተረፈን። እሷን ለጎረቤት መሳቢያ እንስጣት። 60 የነበረው መሳቢያ 85 ይሆናል። የመሳቢያው ውስጥ ጥልቀት 50 ቢሆን፣ 25 በ50፣ በሁለቱም ወገን ሦስት ሦስት መሳቢያ፤ ድምሩ 7,500 ካሬ ሴንቲ።

ልዩነቱ 40 ካሬ ሴንቲ ነው። ሁለት የክብሪት ቀፎ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ይሞላዋል። ለዚህ ነው እንግዲህ ከውጭ የመጣ ዕቃ የሚገዛው! መሳቢያው ደግሞ ተስቦ ፊትህ ይመጣል። ከላይ ሆነህ ሁሉን ታያለህ። አትንበረከክም፣ በባትሪ አትፈልግም።

ላለመዋሸት፣ ፊቱ በሰያፍ የተቆረጠ የጥግ ካቢኔት ሙሉ ክብ ትሪ ይቀበላል፤ በቦታ ይበልጣል። ግን በዚያው 90 በ90 ላይ የሰያፉ ፊት 42 ሴንቲ ብቻ ነው። የበሩ ስፋት ያ ነው። ግራናይቱም አብሮ በሰያፍ መቆረጥ አለበት።

«ተሽከርካሪው የፈለግከውን ይሸከማል»

አይሸከምም። ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ያለች ደንበኛዬ ሌላ ባለሙያ የገጠመላት ነበራት። የጤፍ ዱቄት ባልዲውን፣ የሽሮውን፣ የበርበሬውን፣ ሁሉንም ትሪው ላይ ደረደረችው። ክብደቱ በአንድ ወገን ሲበዛ ቋሚው ብረት ዘመም አለ። ትሪው ሲዞር ጎኑን እየፋቀ ገር ገር ማለት ጀመረ። አንድ ቀን ጭራሽ ቆመ። እኔ ተጠርቼ ሄድኩ። ወለሉ ላይ ተኝቼ እጄን እስከ ትከሻዬ ከትቼ ከትሪው ጀርባ ያወጣሁት፦ አንድ ጭልፋ፣ የድስት ክዳንና ጆሮው የተሰበረ ስኒ። «ይሄን ስኒ ስፈልገው ነበር እኮ!» አለች። መለዋወጫው ደሴ አልተገኘም። ከአዲስ አበባ፣ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው የመጣው።

ቅመም፣ ዘይት፣ ጠርሙስ፣ ቀላል ነገር ብቻ ለሚያስቀምጥ ሰው ተሽከርካሪው መጥፎ አይደለም። በደንብ ከተገጠመ ይኖራል። እዚህ ግን እንዲህ ያለ ደንበኛ እምብዛም አይገጥመኝም።

«በሩን ብቻ ግጠም፤ የቀረው ጣጣ የለውም»

አለው። ይህን አሠራር በጣም እወደዋለሁ፤ ርካሽ ነው፣ የሚበላሽ ነገር የለውም። አንዱ ረድፍ እስከ ግድግዳው ይዘልቃል፣ ግማሹ በር ይኖረዋል፣ ግማሹ ወደ ጥጉ የሚገባ ዋሻ ይሆናል። ለዒድ፣ ለሰርግ፣ ለሰደቃና ለዝክር ብቻ የሚወጣ ድስት የሚተኛበት ቦታ እሱ ነው።

ነገር ግን ድስቱ በበሩ መግባት አለበት! ቀላል ይመስላል አይደል? አንዲት እናት ቤት ሄድኩ። ሌላ ሰው የሣለላቸው ንድፍ ነበራቸው። የጥጉ በር 45 ሴንቲ። «እትዬ፣ ትልቁን ድስት ያምጡልኝ» አልኳቸው። «እሱማ ጎረቤት ነው ያለው፣ ለሰደቃ ወስደውታል» አሉ። ልጅ ተልኮ መጣ። ከጆሮ እስከ ጆሮ 52 ሴንቲ። 45 የተባለው በር ደግሞ በግራና በቀኝ የ18 ሚሊ ጣውላ ሲቀነስለት የሚተርፈው 41 ሴንቲ ከምናምን ነው። ድስቱ በጎኑ ካልተጋደመ በዚያ በር አይገባም።

ስለዚህ የምመክረው ይሄ ነው። ቤትህ ያለውን ትልቁን ድስት ከነጆሮው ለካ፤ ክዳኑ ተከድኖ ቁመቱንም ለካ። በሩ ከዚያ ቢያንስ 8 ሴንቲ ይብለጥ። ውስጡ መሀል መደርደሪያ አታስገባ፤ ማስገባትህ ካልቀረ ከጀርባ ግማሽ ጥልቀት ብቻ ይሁን። ሁለት በር ከሆነ መሀል ላይ ቋሚ ጣውላ እንዳይቆም ለካቢኔት ሠሪህ ንገረው። ማጠፊያው እስከ 165 ዲግሪ የሚከፈተው ዓይነት ይሁን፤ ተራው በሩን 100 ገደማ ላይ አቁሞ ድስቱን ያስገጭሃል። የወለሉ ጣውላ ከሥር ተጨማሪ ድጋፍ ይፈልጋል። በየቀኑ የምትፈልገውን ነገር ደግሞ ዋሻው ውስጥ አትክተት፤ ከዚያ በኋላ «ጥጉ አስቸጋሪ ነው» ብለህ እኔን ትወቅሳለህ።

«መሳቢያዎቹን ጥጉ ድረስ አስጠጋቸው»

ሁለት መሳቢያ ጥግ ላይ ከተጣበቀ አንዱ ሲከፈት የሌላው እጀታ ላይ ይጋጫል። ኮምቦልቻ አዲስ ቤት ውስጥ መሳቢያ ለመክፈት መጀመሪያ የኦቨኑን እጀታ የፈታ ሰው አይቻለሁ። 5 ሴንቲ መሙያ ዝቅተኛው ነው። እጀታው ወደ ውጭ የሚወጣ ከሆነ የወጣውን ያህል ጨምርበት።

«ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፤ እኔ ራሴ ነኝ ያሠራሁት»

ብሎኬቱ ቀጥ ቢል ልስኑ አይታመንም። ከጥጉ በአንዱ ግድግዳ 60 ሴንቲ፣ በሌላው 80 ሴንቲ ምልክት አድርግ። በሁለቱ ምልክቶች መሀል ያለው ርቀት 100 ሴንቲ ከሆነ ጥጉ 90 ዲግሪ ነው። 98 ወይም 102 ከመጣ ካቢኔት ሠሪህ ከመቁረጡ በፊት ይወቅ። ደሴ ዳገት ላይ በተሠራ ቤት፣ ጀርባው ከአፈር በተጠጋ ግድግዳ ላይ ደግሞ እጅህን አስደግፈህ እርጥበት ካለው ተመልከት። በሐምሌና በነሐሴ ብታየው ይሻላል።

«ኤምዲኤፍ ውሃ አይፈራም»

ይፈራል። ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ የተሠራ ጣውላ ነው፤ ጠርዙ ካልታሸገ ያብጣል፤ ጥጉ ደግሞ አየር አያገኝም።

«ሲንኩን ጥግ ላይ ብናደርገው ቦታ ይተርፋል»

ሲንኩ ይገባል፤ አንቺ ግን አትገቢም። ትከሻ በግራና በቀኝ ካቢኔት ይያዛል። ሳፋ የምታስቀምጪበት፣ የታጠበው ዕቃ የሚንጠፈጠፍበት ቦታ አይኖርም። ሲፎኑ ሲያፈስ ቧንቧ ሠራተኛው እንዴት እንደሚገባ እሱንም አስቢ።

«የኤሌክትሪክ ምጣዱ ጥግ ላይ ይሁን»

ከላዩ ካቢኔት ከሌለ እሺ። ካለ ግን አክንባሎው በተነሳ ቁጥር እንፋሎቱ የሚያርፈው የካቢኔቱ ሆድ ላይ ነው። ላሚኔቱ፣ ማለትም የጣውላው ሽፋን፣ መላቀቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

«የላይኛውም ጥግ እንደ ታችኛው መፍትሔ ይፈልጋል»

አይፈልግም። ጥልቀቱ 30 ወይም 35 ሴንቲ ነው፤ እጅ ይደርሳል። በር የሌለው መደርደሪያ በቂ ነው።

«ጥጉን ከሳሎን በኩል እንክፈተው»

ይሄ እንኳ ስህተት አይደለም። እንዲያውም ያማረ ሐሳብ ነው። ከጥጉ ጀርባ ሳሎን ካለ በሩ ወደዚያ ይከፈት። ረከቦቱ፣ ጀበናው፣ ስኒው፣ ዕጣን ማጨሻው እዚያ ይቀመጥ። ከአቦል እስከ በረካ ለስኒ ብሎ ኪችን የሚገባ አይኖርም። ችግሩ ኮለኑ፣ ቤቱን የተሸከመው ምሰሶ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ ኮለን የሚቆመው እዚያው ጥግ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ለካቢኔት ተብሎ አይቆረጥም። ግራናይቱን ከማዘዝህ በፊት ኮለኑ ወደ ውስጥ ስንት ሴንቲ እንደገባ ለክተህ ላክልኝ። ቪዲዮውን ተወው።