ጥቁር ጉድጓድና ጋላክሲ «አብረው ያድጋሉ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ባለፈው ኅዳር ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ወርጄ አጎቴ ዘንድ አድሬ ነበር። የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና እየተጠማዘዙ ሲወርዱ፣ ጠዋት ነፍስ ያዳነው ካፖርት ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሸክም ይሆናል። አጎቴ በመስኖ ሽንኩርት ያለማሉ። የዚያን ዕለት የውሃ ተራቸው ሌሊት ላይ ስለወደቀ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ማሳው ዳር ጋቢ ደርበን ተቀምጠን ተራ እንጠብቃለን። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ግድም ፊታችንን ወደ ሰሜን አዙረን ቀና ስንል አንድሮሜዳ ታየችን፤ መስታወት ላይ የቀረ የጣት አሻራ የምትመስል፣ ደብዘዝ ያለች ብርሃን። (ግሪኮች በተረታቸው አንድሮሜዳን የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ያደርጓታል። የእነርሱ «ኢትዮጵያ» ከዛሬዋ አገራችን ጋር ልክ ለልክ ባይገጥምም፣ ስሟ ሲነሣ ደስ ማለቱ አይቀርም።)

«ይህቺ ኮከብ አይደለችም» አልኳቸው። «በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ከዋክብት ያሉባት ጋላክሲ ናት። ብርሃኗ እዚህ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ፈጅቶበታል። መሐሏ ላይ ደግሞ ከፀሐይ መቶ ሚሊዮን ጊዜ በላይ የሚከብድ፣ ስበቱ ብርሃንን እንኳ የማያስመልጥ ጥቁር ጉድጓድ አለ።»

አጎቴ ትንሽ አሰቡና «ሁሉን የሚውጥ ከሆነ ታዲያ ከዋክብቱን ምነው አልጨረሳቸው?» አሉ።

ከዚህ ጥያቄ መነሣት ይሻላል፤ ምክንያቱም ጥቁር ጉድጓድ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ዙሪያውን ሁሉ እየማገ የሚያልቅ አውሬ ነው። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ፀሐያችን በድንገት ክብደቷን እንደያዘች ወደ ጥቁር ጉድጓድነት ብትለወጥ፣ መሬት ትጨልማለች፣ ትቀዘቅዛለች እንጂ አትዋጥም፤ እንደ ወትሮዋ በዚያው መንገድ ስትዞር ትኖራለች። የመሐሉ ጥቁር ጉድጓድም ቢሆን ስበቱ ገንኖ የሚገዛው በአሥሮች ወይም በመቶዎች በሚቆጠሩ የብርሃን ዓመታት ውስጥ ያለውን ነው (አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው)። ጋላክሲው ግን ከዳር እስከ ዳር መቶ ሺህ የብርሃን ዓመት ይሆናል። ከዚያ ውጭ ያለው ኮከብ ጉድጓዱ መኖሩን እንኳ በወጉ አያውቅም።

አስገራሚው ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል። የማያውቀው ኮከብ የሚያውቀው ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች፣ አንዱ ከሌላው ተለይተው፣ ተመሳሳይ ነገር አሳተሙ፤ በአንድ ጋላክሲ መሐል ከዋክብት ተጨናንቀው በሚሠሩት እብጠት ውስጥ ከዋክብቱ የሚራወጡበትን ፍጥነት የለካ ሰው፣ የጥቁሩን ጉድጓድ ክብደት በግርድፉ መናገር ይችላል። የሚለኩት ከዋክብት ግን ከጉድጓዱ ስበት ክልል ውጭ ያሉ ናቸው። በቅርብ ባሉ ጋላክሲዎች ጉድጓዱ በአብዛኛው የዚያን እብጠት ክብደት ከሺህ አንድ እስከ አምስት እጅ ያህላል። እብጠቱ ትልቅ ከሆነ ጉድጓዱም ትልቅ፣ ትንሽ ከሆነም ትንሽ ነው። ሳይገናኙ እንዴት ተመጣጠኑ? ተመራማሪዎች «አብሮ ማደግ» የሚሉት ሐሳብ ለዚህ ጥያቄ የቀረበ መልስ ነው።

መልሱ ባጭሩ፣ ቀለባቸው አንድ ነው። ኮከብ የሚወለደው ከቀዝቃዛ ጋዝ ነው፤ በአብዛኛው ከሃይድሮጅን። ጥቁሩ ጉድጓድም በዋናነት የሚወፍረው ያንኑ ጋዝ እየበላ ነው። ጋዝ ሲገባ ሁለቱም ይጠግባሉ፣ ጋዝ ሲነጥፍ ሁለቱም ይጾማሉ።

ይህን ስነግራቸው አጎቴ ፊታቸው በራ። በጉብዝናቸው ዘመን የውሃ አባት ነበሩ፤ ቦዩን የሚያስጠርጉ፣ ተራ የሚደለድሉ፣ ሲጣሉ የሚዳኙ። «እንዲያ ከሆነማ» አሉ፣ «ከዋክብቱ ላይኞቹ ናቸው፣ ጉድጓዱ ታችኛው ማሳ ነው። ወንዙ በሞላ ጊዜ ሁሉም ይጠጣል። በጎደለ ጊዜ ታችኛው የላይኞቹን እጅ ያያል።»

ከዚህ የተሻለ ምሳሌ እስካሁን አላገኘሁም። ጋዙ ከውጭ ወደ መሐል ሲጓዝ በየመንገዱ ኮከብ እየሆነ ይቀራል፤ መጨረሻ ላይ ጉድጓዱ አፍ የሚደርሰው ትርፉ ነው። በረጅም ዘመን ሲደመር አንድ ፀሐይ የሚመዝን ጋዝ ጉድጓዱ ውስጥ ሲገባ፣ ሺህ ያህሉ ኮከብ ሆኗል። ምሳሌው የሚያነክሰው አንድ ቦታ ላይ ነው። ውሃ ቁልቁል መውረድ ባሕርይው ነው፤ ጋዝ ግን አይወርድም፣ ይሽከረከራል። አውድማ ላይ እህል የሚያበራዩ በሬዎች ቀኑን ሙሉ ዞረው ምሰሶው ጋ እንደማይደርሱ፣ ጋዙም ሽክርክሪቱን የሚቀንስለት ካላገኘ በቢሊዮን ዓመትም መሐል አይደርስም። አንዳንዴ ሌላ ጋላክሲ አጠገቡ ሲያልፍ ያናውጠዋል፤ አንዳንዴ በጋላክሲው መሐል ከዋክብት የሠሩት ረጅም ዘንግ እየገፋ ያወርደዋል።

ከዚህ በመነሣት፣ ኮከብ የሚወለድበት ቦታ ከሚወለደው ብዛት ይልቅ ወሳኝ ነው ማለት ነው? አዎን፣ አንድሮሜዳ ራሷ ምስክር ናት። ዛሬ ከዋክብት የሚወለዱባት በአብዛኛው ከመሐሏ 30,000 የብርሃን ዓመት ግድም ርቆ በሚገኝ ቀለበት ላይ ነው። መሐሏ ጋዝ የነጠፈበት ነው። ያ ሁሉ ክብደት የተሸከመው ጉድጓዷም ዛሬ ጾመኛ ነው፤ ብርሃኑ እንኳ በጭንቅ ይታያል። ጎተራው ሙሉ ሆኖ ቁልፉ ሩቅ አገር ያለ ሰው ይመስላል።

ይህን በአንድ ጋላክሲ ማየት ቀላል ነው፤ በብዙዎች ለክቶ ማሳየት ግን ብልሃት ይጠይቃል። ምክንያቱም ጉድጓዱ ሲበላ አካባቢው እጅግ ያበራል። ኮከብ ሃይድሮጅን አዋሕዶ ሲነድ ከነዳጁ ክብደት ወደ ብርሃንነት የሚለወጠው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፣ 0.7 በመቶ ነው። ወደ ጉድጓዱ እየተሽከረከረ የሚወድቅ ጋዝ ግን ከመውደቁ በፊት እየተፋተገ ግሎ 10 በመቶ ያህሉን ያበራል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ካርል ሴይፈርት እ.ኤ.አ. በ1943 መሐላቸው እንዲህ የሚያበራ ጋላክሲዎችን ለይቶ ስላጠና ዛሬም በስሙ ይጠራሉ። በዚያ ብርሃን ፊት ጨቅላ ከዋክብትን መቁጠር፣ የመኪና መብራት ፊት ላይ ተደቅኖ ሻማ እንደመቁጠር ነው።

ብልሃቱ የተገኘው ከጥቀርሻ ነው። ኩበትና ባሕር ዛፍ የሚነድበት የገጠር ማድ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሎ የሚያብለጨልጨው ጥቁር፣ ጣት ሲነካው የሚቀባው። ከጭሱና ከጥቀርሻው ጋር የሚገኙ፣ የካርቦን ቀለበቶች እርስ በርስ የተያያዙባቸው ሞለኪውሎች አሉ። የእነርሱ ዘመዶች በከዋክብት መካከል ባለው ጋዝ ውስጥም ሞልተዋል። ጨቅላ ኮከብ አጠገባቸው ሲያበራ ይሞቁና ዓይናችን በማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ይፈካሉ፤ አንዱ ፍካታቸው የሞገድ ርዝመቱ 11.3 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር ሺህኛ ነው) ላይ ነው። ስለዚህ ይህ የጥቀርሻ ፍካት ባለበት ኮከብ እየተወለደ ነው። ለጉድጓዱ ደግሞ ሌላ ምልክት አለ፤ ሦስት ኤሌክትሮኖቹ የተገፈፉ ኦክስጅን። ተራ ጨቅላ ከዋክብት ሦስተኛውን ኤሌክትሮን ለመግፈፍ አቅም ያንሳቸዋል፣ በልቶ የሚያበራ ጉድጓድ ግን ይችላል። ሁለቱን ምልክቶች ስፒትዘር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ተልኮ በ2020 ሥራ እስካቆመ ድረስ፣ ለይቶ ማየት ይችል ነበር።

አሌክሳንደር ዳይመንድ-ስታኒክና ጆርጅ ሪኬ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት በዚህ መንገድ ቅርብ ያሉ የሴይፈርት ጋላክሲዎችን መረመረ። ከመሐል እስከ 3,000 የብርሃን ዓመት ግድም ባለው ክልል ውስጥ የሚወለዱትን ከዋክብት ለብቻ፣ ከዚያ ውጭ ያሉትን ለብቻ ቆጠሩ። የመሐሉ ውልደት ከጉድጓዱ አበላል ጋር ጥብቅ ዝምድና አለው፤ ብዙ ኮከብ የሚወለድበት ጉድጓዱም ብዙ ይበላል። የዳርቻው ዝምድና ግን የላላ ነው። እኔ ከጉዳዩ ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው። «ኮከብ መውለድ ጥቁር ጉድጓድን ያሳድጋል» ብሎ በደፈናው መናገር ስሕተት ነው፤ ያው ቦይ ላይ ያሉት ናቸው የሚተዋወቁት።

ጊዜም ጣልቃ ይገባል። ዛሬ ኮከብ ቢወለድ ጉድጓዱ ዛሬውኑ አይጠግብም። በቅርብ ጋላክሲዎች እምብርት ላይ የተደረጉ ምልከታዎች ከኮከብ ውልደቱ መነሻ እስከ ጉድጓዱ መብላት ድረስ ከ50 እስከ 100 ሚሊዮን ዓመት እንደሚያልፍ አመልክተዋል። ለዚህ የቀረበው ማብራሪያ ደስ ይለኛል። ግዙፎቹ ከዋክብት በልጅነታቸው ቁጡ ናቸው፤ ነፋሳቸውና ፍንዳታቸው ጋዙን ጠራርጎ ያባርረዋል። እነርሱ ካለፉ በኋላ ያረጁት መካከለኛ ከዋክብት ቀስ ያለ ነፋስ ይተነፍሳሉ፤ ያ ዝግተኛ ትንፋሽ ነው ወደ ጉድጓዱ መውረድ የሚችለው።

የእኛው ጋላክሲ ግን ይህን ሥርዓት በወጉ አይጠብቅም። መሐላችን ያለው ሳጂታሪየስ ኤ ኮከብ የተባለው ጉድጓድ (ስሙ ላይ «ኮከብ» የተባለው የ* ምልክት ነው እንጂ ኮከብ አይደለም) 4 ሚሊዮን ፀሐይ ያህል ይመዝናል። ዙሪያው ከዋክብት የሚዞሩበትን መንገድ ለዓመታት የተከታተሉት ራይንሃርድ ጌንዝልና አንድሪያ ጌዝ እ.ኤ.አ. በ2020 የኖቤል ሽልማት ካገኙት መካከል ናቸው። ከጉድጓዱ ጥቂት የብርሃን ዓመት እንኳ ሳይርቁ ዕድሜያቸው ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ብቻ የሆነ ግዙፍ ከዋክብት አሉ። ዛሬ ጉድጓዱ የሚለቅማት ትንሽ ጋዝ የእነዚህ ቁጡ ከዋክብት ነፋስ ፍርፋሪ እንደሆነች ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ከጋላክሲያችን እምብርት ወደ ላይና ወደ ታች እያንዳንዳቸው 25,000 የብርሃን ዓመት የሚረዝሙ ሁለት የጋማ ጨረር አረፋዎች መኖራቸው ታወቀ። ብዙዎች ጉድጓዱ ከጥቂት ሚሊዮን ዓመታት በፊት የበላው ድግስ ርዝራዥ ናቸው ይላሉ። ኮከብ መውለዱና ድግሱ በአንድ ሰሞን ሆነዋል ማለት ነው።

ጉድጓድ እንዲህ ነው፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ደግሞ ይነቃል። ኮከብ መውለድ ክረምት ከሆነ፣ የጉድጓዱ መብላት የአንድ ቀን ዶፍ ነው። ከተማችን ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በዘመናቸው በሰማይ ከታየ ብርሃን ነው፤ አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች እ.ኤ.አ. በ1456 ያለፈው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። በዚያ ሰሞን ያየ «ሰማዩ ብርሃን አለበት» ይላል፣ በሚቀጥለው ዓመት ያየ ደግሞ ጨለማ ብቻ ያያል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪም ጋላክሲን የሚያየው በአንድ ቅጽበት ነው። ለዚህ ነው አንድ በአንድ ሲታዩ ዝምድናው የሚደበዝዘው፣ በመቶዎች ተደምረው አማካይ ሲወሰድ ግን ጎልቶ የሚወጣው።

አጎቴ እዚህ ድረስ በትዕግሥት ሰሙኝና «የውሃ አባቱ ማነው ታዲያ?» አሉ። «ከሺህ አንድ እስከ አምስት እያለ የሚደለድለው?»

ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ወገን ጉድጓዱ ራሱ ነው ይላል። ከልክ በላይ ሲበላ የሚተፋው ኃይል ጋዙን ያሞቀዋል ወይም ያባርረዋል፤ የራሱንም የከዋክብቱንም ቀለብ ይቆርጣል። ኤም 87 በተባለው ግዙፍ ጋላክሲ ይህ በግልጽ ይታያል፤ 6.5 ቢሊዮን ፀሐይ የሚመዝነው ጉድጓዱ የሚረጨው ፍላጻ በሺዎች የሚቆጠሩ የብርሃን ዓመታት ይረዝማል፣ ዙሪያው ያለውን ጋዝም ቀዝቅዞ ኮከብ እንዳይሆን ያግደዋል።

«ታችኛው ማሳ ተነሥቶ የላይኛውን ቦይ ናደ በሉኛ!» ብለው ሳቁ አጎቴ።

ሌላው ወገን የውሃ አባት የሚባል የለም ይላል። ጋላክሲዎች በዘመናት ውስጥ እየተጋጩ ሲዋሐዱ ትልቁ ከትንሹ፣ የጠገበው ከጾመው እየተደባለቀ በመጨረሻ ሁሉም ወደ አማካዩ ይጠጋል። እኔ ለግዙፎቹ ጋላክሲዎች ወደ መጀመሪያው ወገን አደላለሁ፤ ትንንሾቹ ላይ ግን እጠራጠራለሁ። ምክንያቴ ከአንድሮሜዳ ብዙ የማትርቀው ኤም 33 የተባለች ጋላክሲ ናት። ከዋክብት ትወልዳለች፣ ያውም ከመውለጃዎቿ አንዱ ብቻ ከ1,000 የብርሃን ዓመት በላይ ይሰፋል። መሐሏ ላይ እብጠት የሚባል ግን ይህ ነው የሚባል የላትም፤ ጥቁር ጉድጓድም ቢፈለግ ቢፈለግ አልተገኘባትም። ቢኖር እንኳ ከጥቂት ሺህ ፀሐይ አይበልጥም።

ኤም 33ን በጣቴ ላሳያቸው ስል ከላይ በኩል ፉጨት ተሰማ። ጎረቤታቸው አጠጥቶ ጨርሷል። አጎቴ ጋቢያቸውን ጣል አድርገው አካፋቸውን አነሡ፣ እኔም ባትሪውን ይዤ ተከተልኳቸው። የጎረቤታቸውን መግቢያ በጭቃ ደፈኑና የራሳቸውን ከፈቱ፤ ውሃው እየተንተፋተፈ ወደ መጀመሪያው መደብ ገባ።